አስተናጋጁ በሽታ የለበትም

ማዞሪያ የባሏን እርምጃ ያወቀችው በጆሮዋ ነው።

በአረጋውያን ማዕከሉ ኮሪደር፣ ከአዳራሹ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። በሩ ዝግ ነው። የሽማግሌዎቹ የቲያትር ቡድን ራሱ ያወጣው ሕግ ነው፤ ትርኢቱ እስኪደርስ ድረስ ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን ልምምድ ላይ አያዩም። «ቤተሰብ ሲያየን እናፍራለን፤ ስናፍር ደግሞ ሚናችን ጠፍቶን ራሳችንን ሆነን ቁጭ እንላለን» ይላሉ። ስለዚህ ማዞሪያ ባሏን ደግፋ እስከ በሩ ታደርሰዋለች፣ አሰልጣኟ ትቀበለዋለች፣ በሩ ይዘጋል። ሌላ ጊዜ ሹራብ ትሠራ ነበር። አሁን ግን የቀኝ እጇ አንጓ በፋሻ ታስሯል፤ ሥራ የፈታ እጅ ይቀመጣል፣ ሥራ የፈታ ጆሮ ግን ነገር ይፈልጋል።

ታ-ታክ። ታ-ታክ። ታ-ታክ።

ከበሩ ወዲያ አንድ ሰው ይራመዳል። ቀልጠፍ ያለ፣ እኩል እኩል የሚወድቅ እርምጃ ነው፤ የግራው ተረከዝ ብቻ መሬት ከመንካቱ በፊት ለአፍታ ያመነታል።

«ይሄማ መርፌ ነው» አለች። ወዲያው ደግሞ «ምነው፣ ያምሻል እንዴ?» ብላ ራሷን ገሠጸች።

መርፌ ባሏ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጭንቅላቱም ትንሽ ስለሆነች ሰፈሩ በሥራውም በመልኩም መርፌ አለው። እሷን ደግሞ ማዞሪያ ያላት እሱ ነው። ወጣትነቷን ሙሉ በስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀምጣ፣ ገመድ ከዚህ ነቅላ እዚያ እየሰካች ሰውን ከሰው ስታገናኝ ነው የኖረችው። ሰውየው «ሄሎ» ከማለቱ በፊት፣ ገና ትንፋሹ ሲመጣ፣ ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር። ያ ጆሮ ጡረታ አልወጣም።

የመርፌን እርምጃ ደግሞ እንዴት ትስተው? ዕድሜ ልኩን የስፌት መኪና መርገጫ ሲረግጥ የኖረ እግር ነው፤ መንገድ ላይም ሲሄድ የሚሰፋ ነው የሚመስለው። ግን ያ እርምጃ ከሞተ ቆይቷል። በመጀመሪያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ እግሩ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሯቸዋል፤ ማዞሪያ ያንን ስም ከቤቷ አስገብታው አታውቅም። መርፌ ሜዳ ላይ እየጎተተም ቢሆን ይሄዳል፤ በር ሲያይ ግን ያበቃለታል። የወጥ ቤቱ ደፍ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ፣ የሕንፃው መግቢያ፣ ሁሉም ጋ እንደ ችንካር ተተክሎ ይቀራል። «እግሬ ወለሉ ላይ ተሰፋ» ይላል። የሚተረትረው ሰው የለም።

ተነሣች። የበሩ መስታወት በወረቀት ተሸፍኗል፤ የወረቀቱ አንድ ጥግ ግን ተልጧል። ሕግ ሕግ ነው። እሷ በሥራ ዘመኗ የሰው ጨዋታ ሰርቃ አዳምጣ አታውቅም። «ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ አልማለም» አለችና ዓይኗን ከተላጠው ጥግ ላይ ለጠፈችው።

መርፌ ነው። ክንዱ ላይ ነጭ ፎጣ ጣል አድርጓል። በመዳፉ ትሪ ተሸክሟል፤ ትሪው ላይ ብርጭቆዎች አሉ። ከካርቶን በተሠራ በር ሥር፣ በር! ወዲያ ወዲህ ሳይል ሽው ብሎ አለፈ፤ በወንበሮቹ መሐል ተጠማዞ አንድ ጠረጴዛ ጋ ደረሰ፤ ጎንበስ ብሎ ብርጭቆ አኖረ፤ ዞረ፤ ተመለሰ። ከዘራው ግድግዳው ሥር እንደ ውሻ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

ማዞሪያ ተመልሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስታው ግን አልመጣላትም።

ምክንያቱም ቅዳሜ ልጃቸው ትመጣለች። መርፌ መታጠቢያ ቤት ወድቆ፣ እሱን አነሣለሁ ስትል የማዞሪያ እጅ ከተሰበረ ወዲህ፣ ልጃቸው ቁርጡን ነግራቸዋለች። «እማዬ፣ በሚቀጥለው ሁለታችሁም ትሰበራላችሁ። አባዬ መጦሪያ ይገባል። ቦታ አግኝቼለታለሁ። ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤት ብቻውን መሄድ ቢችል እኮ ማንም ከቤቱ አያስወጣውም ነበር።» መርፌ ይህን ሲሰማ ግድግዳውን እያየ «እናንተ ካላችሁ» ብቻ ነው ያለው። አልተቃወመም፣ አልለመነም።

ታዲያ ይሄ ምንድነው? መሄድ የሚችል ሰው ለምን አይሄድም? መሄድ ፈልጎ ይሆን? ከቤቱ፣ ከእሷ ለመራቅ? «ለሰው ሲሆን ይሮጣል፤ ለእኔ ሲሆን ይሰፋል» አለች በሆዷ።

ልምምዱ አልቆ በሩ ሲከፈት፣ መርፌ በአሰልጣኟ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እየጎተተ መጣ። ደፉ ላይ ሲደርስ ተተከለ።

«ና በል፣ አንሣው። ግራ!» አለች ማዞሪያ እግሩን እያየች። «ግራ አልኩህ እኮ!»

«ሰምቻለሁ፤ እሱ ነው ያልሰማው» አለ መርፌ።

ከኋላቸው ፍሬቻ መጣ። ፍሬቻ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከወንበር ሲነሣም ሆነ ሲታጠፍ አስቀድሞ ለሰው ሁሉ ስለሚያሳውቅ ነው እንዲህ የተባለው። «በቀኝ በኩል ላልፍ ነው!» ብሎ አለፋቸው። ዞር ብሎም «መርፌ፣ ነገ ሻዬ እንዳይቀዘቅዝ!» አለና ጠቀሰው። መርፌ ፊቱ ቀላ። ማዞሪያ አየች።

እዚያው ያልጠየቀችው ስላልተናደደች አይደለም። ማዞሪያ ቤት የተማረችው አንድ ነገር ስለነበረ ነው፤ መስመር ሲሞት አይለቀስም፣ ስልኩም አይደበደብም። ከየት እንደተቆረጠ ይፈለጋል። መጀመሪያ ከዚህ ጫፍ፣ ከዚያ ከዚያኛው ጫፍ።

በማግስቱ ፍለጋዋን ጀመረች። መጀመሪያ የጠረጠረችው ጫማውን ነው። አዳራሹ ውስጥ ጥቁር የቆዳ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ቤት ግን ነጠላ ጫማ ነው። ጥቁሩን አውጥታ፣ ጠርጋ አጠለቀችለት።

«የት ልንሄድ ነው?» አለ።

«ወጥ ቤት።»

«ለወጥ ቤት በክብር ልብስ?»

ሄደ፤ ደፉ ጋ ደረሰ፤ ተሰፋ። ጫማው አይደለም።

ወለሉ ይሆን? የአዳራሹ ወለል ጣውላ ነው። የአሮጌ ቁም ሣጥን መደርደሪያ ነቅላ ደፉ ላይ አነጠፈችለት። መርፌ ጣውላውን አየ፣ እሷን አየ። «ድልድይ ነው?» አለ። ድልድዩ ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ሙዚቃ ሞከረች፤ አዳራሹ ውስጥ አንዳንዴ ይከፈታልና። ሬዲዮኑ ሲዘፍን የመርፌ አንገት ተወዛወዘ፣ ጣቱም በሩን መታ መታ አደረገ፣ በአፍንጫውም አዜመ፤ እግሩ ግን ዘፈኑን የሰማው እንደ ጎረቤት ድግስ ነው።

የቀረው ትሪው ነው። «ያዝ» አለችው፣ ብርጭቆዎች ደርድራ። «ሳሎን አድርስልኝ።»

«እኔ?»

«አንተ። እጄ በፋሻ አይደለም እንዴ?»

ያዘ። እሷም እንዳይወድቅ ብላ ከጎኑ ጎንበስ ብላ እግሩን እያየች «ቀስ... ቀስ... አሁን አንሣ...» ትል ጀመር። እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ተንጫጩ፣ ትሪው ዘነበለ። ብርጭቆዎቹ ወለሉ ላይ ስባሪ ሆነው ቀሩ።

«ማዞሪያ» አለ መርፌ፣ «ሰሞኑን ምን ሆነሻል? ትናንት ድልድይ ሠራሽልኝ፤ ዛሬ ብርጭቆ አስጨረስሽኝ። ነገ ደግሞ ገመድ ላይ ታስሄጂኛለሽ።»

«ትሪውም አይደለም ማለት ነው» አለች ስባሪውን እየጠረገች።

«ምኑ?»

«ምንም።»

ከዚህኛው ጫፍ ጨርሳለች። ወደዚያኛው ጫፍ ሄደች። አሰልጣኟን ያገኘቻት አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስትደረድር ነው። ቀልጣፋ ወጣት ናት፤ ሽማግሌዎቹን ሁሉ አባባና እማማ ትላለች፣ እንደ ሕፃን ግን አታባብላቸውም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለቤቴ እዚህ እንዴት ነው የሚሄደው?»

ወጣቷ ወንበሩን አቁማ አየቻት። «እማማ፣ አይተዋል እንዴ?»

«ጆሮዬ ነው ያየው። ዓይኔ ትንሽ አግዞታል።»

አሰልጣኟ ሳቀች። ተቀመጠች። «መጀመሪያ ቀን እዚያ የካርቶን በር ሥር ቆመው ቀሩ። እኛም 'አባባ እግርዎን ያንሱ፣ አባባ በርቱ' እያልን ከበብናቸው። እግራቸውን በጠቀስን ቁጥር እየባሰባቸው ሄደ። ላብ አጠመቃቸው። እኔም ሌላ ሚና ልሰጣቸው አሰብኩ፤ ተቀምጠው የሚናገሩት። ያኔ አባባ ፍሬቻ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ሰለቻቸው፤ ጠምቷቸውም ነበር መሰለኝ፣ 'አንተ አስተናጋጅ! ጉሮሮዬ ደረቀ እኮ! ሻዩን ልታመጣው ነው ወይስ ልታሳድገው?' ብለው ጮኹ። ባለቤትዎ ቀና አሉና 'መጣሁ ጌታዬ' አሉ። መጡም።»

«እንዲያው?»

«እንዲያው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት 'ይራመዱ' የሚላቸው ሰው የለም። 'ባለ ሦስተኛው ጠረጴዛ ሻይ ይፈልጋል' ነው የምንላቸው።»

«ለምንድነው ግን?» ማዞሪያ ወንበሩን ወደ ልጅቷ ጎተተችው። ይህ «ለምን» የሚል ጥያቄ ከያዛት ወዲህ ሌሊቱ ረዝሞባታል።

«እኔም ገርሞኝ እዚህ የምትመጣዋን ሐኪም ጠየቅኳት። ከጭንቅላት ወደ እግር የሚሄደው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም አለችኝ። ዋናው መንገድ ሲዘጋ፣ አንዳንድ ሰው ላይ የውስጥ ለውስጧ መንገድ ክፍት ሆና ትቆያለች። ለሁሉም አይሠራም፣ ሁልጊዜም አይሠራም፤ መድኃኒቱንም አይተካም አለች። በሽታው አልለቀቃቸውም እማማ። እዚህም የሚቆሙበት ቀን አለ።» ትንሽ አመነታች። «እንዳንነግርዎት ደግሞ አደራ ብለውን ነበር።»

«ለምን?»

«እሱን ራሳቸውን ይጠይቁ።»

ጠየቀችው። መርፌ በመስኮቱ ሥር፣ ከማትሠራው የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ መዘውሯን በጣቱ ወደፊት ወደኋላ ያደርጋታል።

«አይቼሃለሁ» አለችው።

መዘውሩ ቆመ። «ሕግ ጥሰሻል።»

«ጥሻለሁ።»

«ሌላ ሰው ቢሆን እሺ። አንቺ? የሰው ስልክ ሰርቀሽ አዳምጠሽ የማታውቂ?»

«አሁን ዳኝነቱን ተወውና ንገረኝ። ለምን ደበቅከኝ?»

መርፌ እጁን ከመዘውሯ ላይ አነሣ። «ምን ብዬ ልንገርሽ? እዚያ እሄዳለሁ፣ እዚህ አልሄድም ልበል? ይሄን ለሐኪም ሲነግሩት እንኳ ያሳፍራል። አስመሳይ ነው ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። እኔ ራሴ ራሴን ጠርጥሬዋለሁ እኮ! ቤት ስገባ 'ያው አሁን የሄድክበት እግር አይደል፣ ና' እለዋለሁ። አይሰማኝም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚያ የሚሄደው እኔ አይደለሁም፣ ማዞሪያ። አስተናጋጁ ነው። አስተናጋጁ በሽታ የለበትም፤ ማንም አልነገረውም። እዚህ ቤት ግን ሁሉም ነገር ያውቀኛል። በሩ ያውቀኛል። አንቺም ታውቂኛለሽ፤ ስመጣ ፊቴን አታዪም፣ እግሬን ነው የምታዪው።»

ማዞሪያ ዓይኗን ከእግሩ ላይ አነሣች። እዚያ ላይ እንደነበረ እንኳ አላወቀችም።

«መጦሪያውስ?» አለች። «መሄድ ትፈልጋለህ?»

«እኔ?» መርፌ ደነገጠ። «እኔን ስታነሺ የተሰበረ እጅ ፊት ለፊቴ ታስሮ እያየሁ 'አልሄድም' ልበል? ምን ፊት አለኝ? ሌላውን እጅሽን እስክሰብረው ልጠብቅ?»

ለካ ዝምታው ይሄ ነበር። ማዞሪያ ልታለቅስ አሰበችና ተወችው። መስመሩ የተቆረጠበት ቦታ ተገኝቷል፤ ማልቀስ በኋላም ይደርሳል።

«እንግዲያው አስተናጋጁን እዚህ አምጣዋ» አለች።

«አስተናጋጅ ብቻውን ይመጣል እንዴ? ደንበኛ ይፈልጋል።»

ችግሩ ይሄ ነበር። ማዞሪያ ማስመሰል አትችልም። ለልጇ እንኳ ስታሳድጋት ጅብ ሆና፣ ድመት ሆና ተጫውታ አታውቅም፤ ያ የመርፌ ሥራ ነበር። አሁን ሳሎን ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፣ መርፌ ወጥ ቤት ደፉ ላይ ቆመ። ብርጭቆ ስለከዳቸው ትሪው ላይ የፕላስቲክ ኩባያ ነው ያለው።

«እባክህ ውሃ አምጣልኝ» አለች።

«ይቺ ሚስቴ ነች» አለ መርፌ ከደፉ ላይ። አልተንቀሳቀሰም።

«አስተናጋጅ... ውሃ... አስቸገርኩህ።»

«አሁን ደግሞ አማቴ ሆነች። ሴትዮ፣ ደንበኛ አይሽኮረመምም! የከፈለ ሰው ነው።»

«ታዲያ ምን ልበል? በሕይወቴ ሰው ላይ ጮኬ አላውቅም!»

እውነቷን ነው። የጮኸችው እሷ አይደለችም፤ የተጮኸባት ናት። ይህን ስታስብ አንድ ድምፅ ትዝ አላት። በማዞሪያ ቤት ዘመኗ አንዲት የሆቴል ባለቤት ነበረች፤ በየጠዋቱ ደውላ፣ መስመር ቢያዝም፣ ዝናብ ቢዘንብም፣ ጥፋቱን በማዞሪያ ላይ የምትደፋ። ማዞሪያም «ይታገሡ እመቤቴ» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም፤ ሥራዋ ነዋ። የዚያች ሴት ድምፅ እስከ ዛሬ የት ሄደ? የትም። ቃል በቃል፣ ከነትንፋሿ፣ ሆዷ ውስጥ ተቀምጧል።

ማዞሪያ ጀርባዋን አቀናች። አገጯን አነሣች። ጠረጴዛውን በደህናው እጇ ደበደበችው።

«ሄሎ! ሄሎ! ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት? ተኝታችኋል? ሞታችኋል? እኔ እኮ እንደናንተ ሥራ ፈት አይደለሁም!»

መርፌ አፉን ከፈተ። ከዚያ ፎጣውን ክንዱ ላይ አስተካከለ። «መጣሁ እመቤቴ!»

ታ-ታክ፣ ታ-ታክ፣ ታ-ታክ። ደፉን አልፎ፣ ጣውላውን አልፎ፣ ኩባያውን ፊቷ አስቀመጠ። ግማሹ ፈሷል። ሁለቱም ኩባያውን እያዩ እንደ ሕፃን ሳቁ። ማዞሪያ ዕድሜ ልኳን ትከሻዋ ላይ የነበረ ነገር ወርዶ ወለሉ ላይ የተቀመጠ መሰላት፤ ያን ሌሊት እጇ እንኳ ሳይጠዘጥዛት ተኛች። የሚድነው ማነው? ብላ ራሷን ጠየቀች። እሱ ነው ወይስ እኔ?

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሻይ ቤት ሆነ። ሁልጊዜ አይሠራም ነበር። እሷ ስትደክም ድምፁ ይሸሻታል፤ እሱም የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅበት አስተናጋጁ ቀርቶ ጌታም ቢጠራው አይመጣም። መታጠቢያ ቤት አስቸጋሪ ነበር፤ አስተናጋጅ መታጠቢያ ቤት ምን ይሠራል? በመጨረሻ መርፌ ራሱ ዘየደ፤ «እዚያ ውስጥ ያለው ደንበኛ ሳሙና አልቆበታል።» ሳሙና ይዞ ገባ።

ቅዳሜ ልጃቸው ከቀጠሮዋ ቀድማ መጣች። መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ አንብባ የምትሰጥ ጥንቁቅ ሴት ናት። በአንድ እጇ ለአባቷ ልብስ ባዶ ሻንጣ ይዛለች፣ በሌላው በራሷ ቁልፍ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ የሰማችው ነገር የእናቷ ድምፅ ነው።

«ይሄ ሻይ ነው ወይስ የእግር እጣቢ? አንተን የቀጠረህ ማነው? ድንዙዝ!»

ሻንጣው ከእጇ ወደቀ። ሮጣ ገባች። እናቷ ባርኔጣ አድርጋ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። አባቷ ፊቷ ቆሞ፣ እጅ ነሥቶ «ይቅርታ እመቤቴ፣ አዲስ ሠራተኛ ነኝ» ይላል።

«እማዬ! አባዬን ነው እንዲህ የምትይው? በሽተኛ ሰው?!»

«ወይኔ ጉዴ» አለች ማዞሪያ፤ ባርኔጣውን አወለቀች።

ማስረዳቱ ጊዜ ወሰደ። ሁለቱ አንዴ እየተቀባበሉ፣ አንዴ እየተነጣጠቁ ነገሯት። ልጅቷ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን እያየች ሰማች። አልሳቀችም።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «አልዋሻችሁኝም። ግን ለአንዴ የሆነ ነገር ለዘላለም አይሆንም። እማዬ ስትታመሚስ? ድምፅሽ ሲዘጋስ?» ቁጭ አለች። «አሳዩኝ።»

መርፌ ደፉ ላይ ሄዶ ቆመ። ማዞሪያ አገጯን አነሣች፣ ጮኸች። ድምፁም ጥሩ ነበር። መርፌ ግን አልተነቃነቀም። እንደገና ጮኸች። አንገቱ ላይ ላብ ብቅ አለ፤ ኩባያው ትሪው ላይ ተንቀጠቀጠ። ማዞሪያ ልጇን አየቻትና ገባት። ልጅቷ ሁለት እጇን ጭኗ መሐል ጨብጣ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ የአባቷን እግር እያየች ነው።

«በቃ አባዬ፣ አትጨነቅ» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ስልኳን አወጣች። «ለመጦሪያው እደውልላቸዋለሁ፣ ከሰዓት እንመጣለን...»

«ምን ልታዘዝ?» አለ መርፌ።

«ምን?»

«ምን ልታዘዝ ነው የምልሽ። እግሬን ተይው፤ ወደ እኔ እዪ። ሻይ ቤት ገብተሻል።»

«አባዬ፣ አሁን ጨዋታ...»

«አባትሽን አላውቀውም። ካላዘዝሽ ወንበሩን ልቀቂ፣ ሰው ይጠብቃል።»

ልጅቷ እናቷን አየች። ማዞሪያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች፤ «እመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ መጥተው የሚጮሁብሽን አስቢያቸው። ከሁሉ የባሰውን ምረጪ።»

«እማዬ፣ እኔ አልችልም።»

«እኔም አልቻልኩም ነበር። ሆድሽ ውስጥ አለ፤ ፈልጊው።»

ስልኩ እጇ ላይ እንደበራ ነው። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ከዚያ እንደ ሹክሹክታ፣ «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቆሜያለሁ» አለች።

«አልሰማሁም» አለ አስተናጋጁ።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቆሜያለሁ!» ድምፁ የእሷ አልነበረም፤ ሻካራ፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ የአንድ የሚያኮርፍ ሰውዬ ድምፅ ነው። «እኔ እኮ ሥራ ያለኝ ሰው ነኝ! አውቆ ነው የሚያስቆመኝ! አለቃህን ጥራልኝ! የለም ስትሉ የለም፣ አለ ስትሉ የለም! ምን ታፈጥብኛለህ? ና እንጂ!»

«መጣሁ ጌታዬ፣ መጣሁ፣ እሳት አይነሣ!»

ታ-ታክ። ልጅቷ እግሩን አላየችም፤ ለመቆጣት ፊቱን ነበር የምታየው። ታ-ታክ፣ ታ-ታክ። ደፉ ከኋላው ቀረ። መጥቶ ትሪውን ፊቷ አኖረ።

ትሪው ባዶ ነው። ኩባያው ወጥ ቤት ደፍ ላይ ተንከባሎ፣ ውሃው ሁሉ ፈሷል።

«ውሃዬስ?» አለች ልጅቷ፣ አሁንም በሰውየው ድምፅ።

«ዛሬ ያለን ትሪ ብቻ ነው» አለ መርፌ።

ያኔ ሳቀች። እንባዋም አብሮ ወረደ፤ ማናቸውም አልጠየቋትም። ሲበቃት ስልኳን አንሥታ ደወለች፤ ወላጆቿ ፊቷን እያዩ ጠበቁ። «ሄሎ... አዎ፣ የዛሬውን ነው። ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡልኝ... አይ፣ አልዳነም። ግን አይመጣም።» ዘጋችና ጣቷን ቀሰረች። «አልጨረስኩም! በየበሩ የሚያዝ ብረት ይገጠማል። ያቺ ጣውላ ዛሬውኑ ትነሣለች፤ እሷ ራሷ ትጥላችኋለች። ቢወድቅ አንቺ አታነሺውም፤ ጎረቤት ትጠሪያለሽ፣ እኔን ትጠሪያለሽ። በየሁለት ቀኑ ደግሞ እመጣለሁ።»

«እንደ ምን?» አለ መርፌ።

«እንደ ደንበኛ» አለች ኮስተር ብላ።

ባዶውን ሻንጣ ይዛ ሄደች። ማዞሪያ ወጥ ቤት ገብታ የፈሰሰውን ጠረገች፣ ኩባያዋን አንሥታ በደህናው እጇ ማጠብ ጀመረች። መርፌን ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጣው ነው የመጣችው።

ከኋላዋ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። ከዚያ እርምጃ። ማንም አልጠራውም፣ ማንም አልጮኸም። ታ-ታክ፣ ታ-ታክ። እየቀረበ መጣ። ደፉ ጋ ሲደርስ ዝም አለ።

አንገቷ ልዙር ልዙር አላት። እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ከቧንቧው የሚወርደውን ውሃ አየች፣ ኩባያዋን አየች፣ መስኮቱን አየች፤ ወደኋላ ግን አልዞረችም።

«እመቤቴ» አለ ድምፁ ከኋላዋ፣ «ዕቃውን ጨርሰው ከሆነ ልውሰደው?»

«ገና ነኝ» አለች ማዞሪያ፣ በሆቴል ባለቤቷ ድምፅ። «ግን ቆሞ መጠበቅ ክልክል ነው። ይግቡ።»

ታ-ታክ።